ካላዛር በገዳሪፍ፦ የአንድ በሽታና የአንድ ሕዋስ ታሪክ

ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን፣ ጉበትንና የአጥንት መቅኔን የሚያጠቃ በሽታ ነው። ሳይታከም ከቀረ በሽተኛውን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። መንስኤው ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ የተባለ ጥቃቅን ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ይህ ተሕዋስ ከብዙዎቹ የሚለየው በሚኖርበት ቦታ ነው። የሰውነት ዘበኛ የሆነው፣ ባዕድ ነገር ባየ ቁጥር ውጦ እንዲያጠፋ የተፈጠረው ማክሮፋጅ የሚባለው ሕዋስ ይውጠዋል፤ ተሕዋሱ ግን እዚያው ውስጥ ቤቱን ሠርቶ ይራባል።

በምሥራቅ አፍሪካ ካላዛር ሥር ከሰደደባቸው ምድሮች አንዱ ምሥራቅ ሱዳን ነው፤ በተለይም ገዳሪፍ፤ በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ከእሱ ጋር የሚዋሰኑት የመተማ፣ የአብደራፊና የሁመራ ቆላዎች። በዚህ አካባቢ የበሽታው ታሪክ ከእርሻ፣ ከቀን ሥራ፣ ከስደትና ከረኀብ ታሪክ ተነጥሎ አይነገርም። ዘበኛው ሕዋስ የሚያሸንፈውም ሆነ የሚሸነፈው ሰውየው በሚያድርበት ቦታ፣ በሚበላውና በሚሸከመው ሌላ በሽታ ነውና። (ሌላ ካልተባለ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ምድሩና ዝንቡ

ገዳሪፍ ከመተማ ድንበር 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሰፊ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በድሮ ስሟ ሱቅ አቡ ሲን፣ ማለትም የአቡ ሲን ገበያ ትባል ነበር፤ አቡ ሲን የአካባቢው ዘላን የሹክሪያ ጎሳ መሪዎች ቤተሰብ ስም ነው። ሜዳውን የሚያጠጡት ወንዞች ከኢትዮጵያ ደጋ ይወርዳሉ። ጓንግ ድንበር ሲሻገር አትባራ ይባላል፣ ሺንፋ ራሃድ ይሆናል፣ ተከዜ ደግሞ ሰቲት ተብሎ ከአትባራ ጋር ይገናኛል።

መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ እግር የሚይዝ ጭቃ ይሆናል፤ በጋ ሲመጣ ደርቆ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በዚህ ዋልካ ላይ ሱዳኖች ጠልህ የሚሉት የግራር ዓይነትና ላሎብ የተባለውን ፍሬ የሚያፈራው ሂጅሊጅ ይበቅላሉ። ስንጥቁ አፈርና እነዚህ ዛፎች በተገናኙበት ቦታ ሁሉ በሳይንሳዊ ስሙ ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ የሚባለው የአሸዋ ዝንብ ይገኛል። ርዝመቱ ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ሲበር ድምፅ የለውም፤ በተራ የወባ አጎበር ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል። ቀኑን በስንጥቅና በዛፍ ቅርፊት ውስጥ ተሸሽጎ ይውልና ሲመሽ ይወጣል። ቁጥሩ የሚበዛው ከመጋቢት እስከ ሰኔ፣ ዝናቡ አፈሩን እስኪደፍነው ድረስ ነው። ሰው ከተነከሰ በኋላ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ዘግይቶ ስለሚወጣ፣ የበሽተኛው ጎርፍ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ክረምቱ ሲያበቃና መኸር ሲደርስ ነው።

ይህ ምድር ለብዙ ዘመን የመተላለፊያ መንገድ ሆኖ ኖሯል። ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ የሚጓዙ ምእመናን በድንበሯ ከተማ በገላባትና በአካባቢው ሰፍረው ቀርተዋል። የጎንደርና የሱዳን ነጋዴዎች በመተማ ይገበያዩ ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከሱዳን ማህዲስቶች ጋር ተዋግተው የወደቁት በዚሁ መተማ ነው። ነጋዴ፣ ምእመንና ወታደር በተመላለሰበት መንገድ በሽታውን የማያውቅ ሰውነት በየጊዜው ወደ ዝንቡ አገር ይገባ ነበር።

የሕዋሱ መገኘት

በሽታው ስሙን ያገኘው በህንድ ነው፤ ካላዛር ማለት ጥቁር ትኩሳት ማለት ነው። ሕዋሱ ግን ከበሽታው መንስኤ ቀድሞ ታወቀ። በ1882 ኢሊያ ሜችኒኮቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅ በጣሊያን መሲና ከተማ በባሕር ኮከብ ዕጭ ላይ እሾህ ወግቶ አደረ። በማግስቱ በአጉሊ መነጽር ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሕዋሶች እሾሁን ከበውት አገኘ። ከዚህ ተነሥቶ ሰውነት የሚገባበትን ባዕድ የሚውጡ በላተኛ ሕዋሶች እንዳሉት አስተማረ፤ ትልልቆቹንም ማክሮፋጅ፣ ማለትም ትልቅ በላተኛ አላቸው። ለዚህ ሥራው በ1908 የኖቤል ሽልማትን ከፓውል ኤርሊክ ጋር ተካፍሏል። ማክሮፋጅ፣ የእሱ እናት የሆነው ሞኖሳይትና ፈጥኖ ደራሹ ኒውትሮፊል ሰው ይዞት የሚወለደው መከላከያ አባላት ናቸው። ጠላቱን አስቀድመው ማወቅ ሳያስፈልጋቸው ባዩት ባዕድ ላይ ይዘምታሉ።

በ1903 የእንግሊዝ ጦር ሐኪሙ ዊልያም ሊሽማን በህንድ ደምደም በሚባል ጦር ሰፈር ታሞ ኋላ ከሞተ ወታደር ጣፊያ ያየውን ጥቃቅን አካል ገልጾ ጻፈ። በዚያው ዓመት ቻርልስ ዶኖቫን በማድራስ ተመሳሳዩን አገኘ። ሮናልድ ሮስ የሁለቱን ስም አጣምሮ ተሕዋሱን ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ ብሎ ሰየመው። በዓመቱ፣ በ1904፣ ኒቭ የተባለ ሐኪም የመጀመሪያውን የሱዳን በሽተኛ መዘገበ። በካርቱም የዌልካም የምርምር ላቦራቶሪ ሥራ የጀመረው ገና በ1903 ነበርና፣ የአገሪቱ የሕክምና ምርምርና የካላዛር ጥናት አብረው ተወለዱ ማለት ይቻላል። በ1911 የወጡ ዘገባዎች በሽታውን በከሰላና በሰማያዊ ዓባይ አውራጃዎች አሳዩ። ዛሬ ገዳሪፍ የሚባለው ግዛት ያኔ በከሰላ ሥር ነበር።

ከአጉሊ መነጽር ሥር

ከካላዛር በሽተኛ ጣፊያ ወይም መቅኔ በመርፌ የተቀዳ ጠብታ በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ጊምዛ በሚባል ቀለም ተነክሮ ሲታይ ታሪኩ በሙሉ በአንድ ዕይታ ይገለጣል። በመሐል ትልቅ፣ ቅርጹ ያልተስተካከለ ማክሮፋጅ ይታያል። ሆዱ በትንንሽ ሞላላ አካሎች ተሞልቷል፤ እያንዳንዳቸው ከ2 እስከ 4 ማይክሮ ሜትር ናቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ምልክት አለ፤ አንዱ ክብ ነጥብ፣ ሌላው ከጎኑ እንደ ስንጥር የቀጠነች መስመር ናት። ባለሙያው ተሕዋሱን የሚለየው በእነዚህ ሁለት ምልክቶች ነው። አንዳንዱ ማክሮፋጅ ከመብዛታቸው የተነሣ ፈንድቶ ተሕዋሶቹ በዙሪያው ተበትነው ይታያሉ።

አመጣጡ እንዲህ ነው። ዝንቡ ሲነክስ ጅራት ያላቸውን ተሕዋሶች በቆዳ ውስጥ ይተፋል። በአይጥ ላይ በተደረጉ ጥናቶች እንደታየው በመጀመሪያው ሰዓት ኒውትሮፊሎች ቦታውን ይወርሩታል፤ ማክሮፋጆች ይከተላሉ። ማክሮፋጁ ተሕዋሱን ይውጣል፤ የዋጠውን የሚያሟሟበትን አሲድ የሞላበት ከረጢትም ያዘጋጃል። ሊሽማኒያ ግን ጅራቱን ጥሎ፣ ቅርጹን ቀይሮ በዚያው ከረጢት ውስጥ መኖር የሚችል ነው። እየተከፋፈለ ይበዛል፤ ሕዋሱ ሲፈነዳ ሌሎች ማክሮፋጆች የፈሰሰውን ይውጣሉ። ማክሮፋጆች በብዛት የሚገኙት በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ በመሆኑ በሽታውም እዚያ ይከማቻል።

ጤና ጣቢያ የደረሰ በሽተኛ ሁኔታ ይህንኑ ይመሰክራል። ሐኪሙ ከግራ ጎድን ሥር እጁን አሳርፎ ታች ሲዳብስ፣ በጤነኛ ሰው የማይዳሰሰው ጣፊያ አብጦ ይገኛል፤ በከፋ ደረጃ እምብርትን ያልፋል። ሆዱ ሲነፋ ክንድና እግሩ ይከሳሉ። መቅኔው ስለተያዘ ቀይ የደም ሕዋስም፣ ነጭ የደም ሕዋስም፣ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶችም ይቀንሳሉ። ስለዚህ ብዙ በሽተኞች የሚሞቱት በደም መፍሰስ ወይም እንደ ሳንባ ምች ባለ ተከታይ ሕመም ነው።

ይህ ማለት ግን ማክሮፋጅ ሁልጊዜ ይሸነፋል ማለት አይደለም። ቲ ሴል የተባሉት የሰለጠኑ የመከላከያ ሕዋሶች ጋማ ኢንተርፌሮን የተባለውን መልእክት ሲልኩለት ማክሮፋጁ ይነቃል፤ ናይትሪክ ኦክሳይድና ሌሎች ገዳይ ኬሚካሎችን አምርቶ የዋጠውን ያጠፋል። መልእክቱ ካልደረሰ ወይም ሰውነት በረኀብ ከደከመ ዘበኛው ለጠላት መጠለያ ሆኖ ይቀራል።

ያው ሕዋስ በደም ቅዳ ውስጥ

የማክሮፋጅ ጠባይ በሌላ በሽታም ታይቷል፤ ማነጻጸሩም ሕዋሱን ይበልጥ ያስረዳል። በ1913 ኒኮላይ አኒችኮቭ በሴንት ፒተርስበርግ ጥንቸሎችን ኮሌስትሮል መግቦ ደም ቅዳቸው ሲበላሽ አሳየ። በቧንቧው ግድግዳ ውስጥም ስብ የሞላባቸው ሕዋሶች አገኘ። እነዚህ ሕዋሶች በአብዛኛው ማክሮፋጆች መሆናቸው ኋላ ተረጋገጠ። በደም ውስጥ የበዛው ስብ የደም ቅዳውን ግድግዳ አልፎ ሲገባና ሲበላሽ፣ ሞኖሳይቶች ተከትለው ይገባሉ፤ ወደ ማክሮፋጅነት ተለውጠው ስቡን ይውጣሉ። ሊያሟሙት የማይችሉትን ያህል ሲበዛባቸው ሆዳቸው አረፋ የሞላ ይመስላል፤ ስለዚህም የአረፋ ሕዋስ ይባላሉ። እዚያው ሲሞቱ ቁስሉ ይሰፋል፤ ሽፋኑ ሲቀደድ ደም ይረጋና ልብ ወይም አንጎል ይመታል።

የደም ቅዳ በሽታ ቱቦ በቆሻሻ እንደመደፈን ብቻ ሳይሆን እንደ ሕዋሶች ቁጣ (ኢንፍላሜሽን) መታየት የጀመረው ከዚህ ግንዛቤ ነው። በ2017 ውጤቱ የታወቀውና ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ካንቶስ የተባለ ጥናት፣ የስብ መጠን ሳይነካ የእነዚህን ሕዋሶች የቁጣ መልእክት ብቻ የሚገታ መድኃኒት ድንገተኛ የልብ ሕመምና መሰል አደጋዎችን ቁጥር 15 በመቶ ያህል እንደቀነሰ አሳየ። በሁለቱም በሽታዎች ማክሮፋጅ ሊፈጨው የማይችለውን ውጦ ይቀመጣል። ፈውሱ ግን ተቃራኒ ነው፤ በደም ቅዳ በሽታ ሕዋሱ እንዲበርድ ይፈለጋል፣ በካላዛር እንዲነቃ።

እርሻው ሲሰፋ

የገዳሪፍ ሜዳ መልክ የተለወጠው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ባቡር በ1920ዎቹ መጨረሻ ገዳሪፍን ከከሰላና ከሰናር ጋር አገናኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሠራዊት እህል ሲያስፈልግ የእንግሊዝ አስተዳደር በ1940ዎቹ አጋማሽ ከገዳሪፍ በስተሰሜን በገደምባሊያ በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ ጀመረ። በ1968 የሱዳን የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ እርሻው በዓለም ባንክ ብድር በብዙ እጥፍ ሰፋ። ጠልሁና ሂጅሊጁ ተመንጥሮ ማሽላና ሰሊጥ ተዘራ። ገዳሪፍ የሱዳን ትልቁ የሰሊጥ ገበያ ሆነች።

በድንበሩ ማዶም ተመሳሳይ ለውጥ መጣ። በሁመራ ሰፊ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ በ1960ዎቹ ተስፋፋ። ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ ደጋ በየዓመቱ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር የቀን ሠራተኛ ለአረምና ለአጨዳ ይወርድ ጀመር፤ ከፊሉም ድንበር ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ ይዘልቃል። በኢትዮጵያ ካላዛር አስቀድሞ በ1940ዎቹ በደቡብ፣ በኦሞ ሸለቆ ተመዝግቦ ነበር። በ1970 ግን የሁመራ ካላዛር በሕክምና ጽሑፍ ላይ ወጣ፤ በጎንደር ሆስፒታል የሚተኙ በሽተኞችም በ1970ዎቹ ተጠኑ።

የሠራተኛው ኑሮ ለዝንቡ የተመቻቸ ነው። ከደጋ የወረደው ወጣት ካላዛርን የማያውቅ ሰውነት ይዞ ይመጣል። ቀኑን ጎንበስ ብሎ ሲያርም ወይም ሰሊጥ እያጨደ ነዶ ሲያስር ይውላል። ማታ ሙቀቱ ስለሚያስቸግር ከዳስ ውጭ፣ በዛፍ ሥር፣ በተሰነጠቀው ዋልካ ላይ ጆንያ አንጥፎ ከሞላ ጎደል ራቁቱን ይተኛል። ምግቡ ያነሰ፣ ሥራው የበዛ ነው። ዝንቡ ከስንጥቁ ሲወጣ የሚያገኘው የመጀመሪያ ደም የእሱ ነው።

ዑም ሰላላና አጎበሩ

በ1980ዎቹ ድርቅ የብዙ ሰው መኖሪያ ተናጋ። ከዳርፉር የመጡ ማሳሊቶች በገዳሪፍ በራሃድና በአትባራ ዳርቻ መንደር መሠረቱ። ከኢትዮጵያ በ1984ቱ ረኀብ የተሰደዱት በዑም ራኩባና በሌሎች መጠለያዎች ሰፈሩ። በዚያው ወቅት ከደቡብ ሱዳን የላይኛው ዓባይ ምዕራባዊ ክፍል የተነሣ የካላዛር ወረርሽኝ በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት መሐል እስከ 1994 ድረስ 100,000 ያህል ሰው እንደገደለ ተገምቷል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም መካከል ፓቶሎጂስቱ ፕሮፌሰር አሕመድ ሞሐመድ ኤል ሐሰን፣ ከሆላንዳዊው ኤድ ዛይልስትራ ጋር በገዳሪፍ ዑም ሰላላ በተባለች መንደር ነዋሪውን ለዓመታት ተከታተሉ። የተገኘው ነገር የበሽታውን አረዳድ አጠለቀ። ከታመሙት ጎን ተሕዋሱ ገብቶባቸው ምንም ሳይታመሙ የቀሩ ብዙ ነበሩ። በእነሱ ሰውነት ውስጥ ማክሮፋጁ መልእክቱ ደርሶት አሸንፏል። ሌላም ነገር ታየ፤ በሱዳን ከካላዛር ከዳኑት ግማሽ ያህሉ ከወራት በኋላ ፊታቸውና ቆዳቸው ላይ ሽፍታ ያወጣሉ። በሽፍታው ውስጥ ተሕዋሱ አለ፤ ዝንቡ ከዚያ ቀድቶ ወደ ሌላው ሊያሻግር ይችላል። የዳነ ሰው ለመንደሩ የተሕዋስ ማከማቻ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሆላንድ ቡድን በ1990ዎቹ በገዳሪፍ ዑም ኤል ኼር ሕክምና ከፈተ፤ በ1997 ደግሞ በሁመራ። ከ1999 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በገዳሪፍ ለ155 መንደሮች 357,000 ፀረ ተባይ የተነከረና ቀዳዳው የጠበበ አጎበር አደለ። በኋላ የወጣው ግምገማ እንዳሳየው ውጤቱ ከፍተኛ በነበረበት ወቅት ካላዛር በ59 በመቶ ቀነሰ፤ ከ1,000 በላይ ሰው ከሕመም እንደዳነም ተሰላ። ይህ ሁሉ የተገኘው ሰው ሲመሽ ከዝንቡ ተከልሎ በመተኛቱ ነው።

መልእክቱ ሲቋረጥ

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ኤችአይቪ በእርሻ ሠፈሮች ተዛመተ። ቫይረሱ የሚያጠፋው ማክሮፋጅን የሚያነቃውን ቲ ሴል ነው። መልእክተኛው ሲሞት ዘበኛው አይነቃም። በሁመራና በመተማ ከካላዛር በሽተኞች መካከል ኤችአይቪ ያለባቸው ድርሻ በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ተርታ ተሰለፈ። እነዚህ ሰዎች ቢታከሙም በሽታው ደጋግሞ ይመለስባቸዋል፤ የሚሞቱትም ይበዛሉ።

በሽታው ወደ ደጋም ወጥቷል። ከ2003 ወዲህ በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰዎች ሲሞቱ ምክንያቱ መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር። ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ2005 ነው። ከሰሊጥ አገር የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ተሕዋሱን በደማቸው ይዘው ሳይመጡ እንዳልቀሩ ይታሰባል።

የመድኃኒቱ መንገድ

ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የካላዛር መድኃኒት አንቲሞኒ የተባለው ማዕድን ነበር። በህንድ ኡፔንድራናት ብራህማቻሪ በ1920ዎቹ ዩሪያ ስቲባሚን የተባለውን ሠራ፤ በ1940ዎቹ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ተተካ። ይህ መርፌ ለ30 ቀን በየቀኑ ይወጋ ነበር፤ ያማል፣ ልብንና ቆሽትንም ሊጎዳ ይችላል። ሥራውን ጥሎ ለመጣ ድሃ ሠራተኛ ወር ሙሉ መተኛት ራሱ ሌላ ፈተና ነው።

በ2003 የኢትዮጵያ፣ የሱዳን፣ የኬንያና የኡጋንዳ ሐኪሞች ሊፕ የተባለውን የምርምር መድረክ በካርቱም አቋቋሙ። ስቲቦግሉኮኔትን ከፓሮሞማይሲን ጋር አጣምረው በገዳሪፍ፣ በጎንደር፣ በአርባ ምንጭና በሌሎች ቦታዎች ሞከሩ። ሕክምናው ከ30 ቀን ወደ 17 ቀን አጠረ፤ 91 በመቶ ያህሉም ዳነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ የመጀመሪያ ምርጫ አድርጎ መከረው። ቀጥሎ በገዳሪፍ ዶካ በፕሮፌሰር ኤል ሐሰን ስም በተሰየመው ማዕከል፣ በጎንደር፣ በአብደራፊና በጎረቤት አገሮች የሚዋጥ ሚልተፎሲን ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ14 ቀን ተፈተነ፤ ውጤቱም ከቀድሞው ጋር ተቀራራቢ ሆነ።

ሌላው መድኃኒት አምቢዞም የሕዋሱን ጠባይ ለፈውስ ይጠቀምበታል። አምፎቴሪሲን የተባለው ገዳይ መድኃኒት በጥቃቅን የስብ እንክብሎች ተጠቅልሎ ይሰጣል። ማክሮፋጅ እንክብሉን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይውጣል፤ መድኃኒቱም ተሕዋሱ ከተደበቀበት ሆድ ውስጥ በቀጥታ ይደርሳል። ተሕዋሱ የተጠቀመበት የመዋጥ ልማድ ለመድኃኒቱም መግቢያ በር ሆነ።

ከሕዳር 2020 ጀምሮ ከትግራይ የተሰደዱ ከ50,000 በላይ ሰዎች በሐምዳዬትና በሉግዲ በኩል ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገቡ፤ ዑም ራኩባ ዳግመኛ ተከፈተ። ሚያዝያ 2023 በሱዳን የፈነዳው ጦርነት ደግሞ ከካርቱምና ከገዚራ ብዙ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ አባረረ። የተራበና የደከመ፣ ለበሽታው አዲስ የሆነ ሕዝብ እንደገና በዝንቡ ምድር ተከማቸ። በዚያው 2023 የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በናይሮቢ ካላዛርን ከሕዝብ ጤና ችግርነት ለማስወገድ ቃል ገብተዋል።

የገዳሪፍ መቶ ዓመት የሚያስተምረው ዘበኛው ሕዋስ በጠገበ፣ በአጎበር ውስጥ በተኛና ሌላ ሕመሙ በታከመ ሰው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚያሸንፍ ነው። የናይሮቢው ቃል የሚፈጸመው አጎበርና ምግብ ወደ እርሻው ዳስ ሲደርሱ፣ ምርመራውም ወደ መንደሩ ሲቀርብ ነው። ከመተማ፣ ከሁመራ ወይም ከገዳሪፍ እርሻ ተመልሶ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፣ ሰውነቱ የከሳና የግራ ጎድኑ ሥር ያበጠ ሰው የወባ ክኒን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ሊሰናበት አይገባም፤ የካላዛር ምርመራ ሊደረግለት ይገባል።